የአባቴ ጀርባ

አባቴ ሸሚዙን ሲያወልቅ ከአሥራ አንዱ ሰው አንዱም ጀርባውን ያየ አልመሰለም።

ሃኔኬ ፎጣዋን እያራገፈች ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ባሏ ቪም የብረት ኳሶቹን ቦርሳ ዚፕ እየከፈተ፣ «ሬዣን! ዘንድሮስ መወርወር ተምረህ መጣህ?» አለው። ሌሎቹ ሳቁ። ጠባሳው ግን እዚያው ፊታቸው ነበር። ከቀኝ ትከሻው ሥር ተነስቶ እስከ አከርካሪው ይደርሳል፤ መዳፍ ያህላል፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው፣ ዙሪያው ገና ቀይ ነው። የማንም ዓይን አላረፈበትም።

አባቴ ሱሪውን አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ፎጣውን ወንበሩ ላይ አነጠፈና ተቀመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አየሽ?» አለኝ። «ሥርዓት ማለት ይሄ ነው።»

እኔ ገና ቀሚሴን አላወለቅሁም ነበር።

በዚህኛው የሴንት ማርቲን ደሴት የባሕር ዳርቻ፣ ከድንጋዮቹ ወዲህ ባለው ጫፍ፣ መልበስም ማውለቅም የራስ ፈቃድ ነው ይባላል እንጂ ከእኛ ሰዎች መሃል ለብሶ የሚቀመጥ የለም። የእኛ ሰዎች የምላቸው በየዓመቱ የካቲት ሲገባ ከኬቤክ፣ ከሆላንድ፣ ከቤልጂየም እየመጡ ያንኑ ወንበር የሚይዙትን ነው። ሕጋቸው ጥቂት ነው። ፎጣ ሳያነጥፉ አይቀመጡም። ካሜራ አይወጣም። የአባት ስም አይጠየቅም። አንቱ የሚባልም የለም፤ ልብሱ ሲወልቅ አንቱታውም አብሮ ይወልቃል። ከሁሉም በላይ ስለ ሰው ገላ አይወራም። ወፈርክ አይባልም፣ ከሳህ አይባልም፣ ይሄ ምንድን ነው አይባልም። አንድ የካቲት ላይ ጎዴሊቭ የምትባለው ቤልጂየማዊት አንድ ጡቷን ተቆርጣ መጣች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ነፋስና ስለ ባሕር አረም አወሩላት። በመጨረሻው ቀን ሁሉንም እየሳመች አለቀሰች።

እናቴ በሕይወት እያለች፣ ከአሥራ ስምንት ዓመቴ ጀምሮ፣ ሦስት ጊዜ አብሬያቸው መጥቻለሁ። እሷ ከሞተች በኋላ አባቴ ሦስት ዓመት ብቻውን መጣ። እኔ ፈተና አለብኝ አልኩ። ፈተናው እውነት ነበር፤ የቀረሁት ግን እናቴ በሌለችበት አጠገቡ መቀመጥ ስላስጠላኝ ነው። አሁን ጠባሳ የሆነው ጥቁር ነጥብ ጀርባው ላይ የወጣበት በእነዚያ ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው።

አባቴ አገር ቤት፣ ኬቤክ፣ ትሯ-ሪቪዬር ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ብቻውን የሚኖር ሰው ጀርባውን የሚያይለት የለም። ባለፈው ሚያዝያ ሸሚዙ በደም ርሶ ሲጣበቅበት ነው ሐኪም ዘንድ የሄደው። ቆርጠው አወጡለት። ከዚያ ሳንባው ላይ አገኙ፣ ከዚያ ጉበቱ ላይ። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሞከሩ። በታኅሣሥ ሐኪሟ ወረቀቶቿን ሰብስባ፣ «ምናልባት እስከ ሰኔ» አለችን።

እኔ የተማርኩት ሥነ ሕይወት ነው። በሁለተኛው ዓመት የዚህን የቆዳ ካንሰር ፎቶ በትልቅ ስክሪን አሳይተውናል፤ ጠርዙ የተሸራረፈ፣ ቀለሙ የተደበላለቀ፣ እያደር የሚያድግ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ በትክክል መልሻለሁ። በዚያው ሳምንት አባቴ እዚህ በሆዱ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

አውሮፕላን ውስጥ ነው ያስማለኝ።

«ለማንም አትናገሪም» አለኝ።

«ይጠይቁሃል እኮ።»

«አይጠይቁም።»

«ጠባሳውን ሲያዩስ?»

«አይጠይቁም አልኩሽ። ስሚኝ፣ ኤሎዲ። አገር ቤት የሚያየኝ ሰው ሁሉ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። ፖስተኛው ሳይቀር። ዳቦ የምትሸጥልኝ ሴትዮ እንኳን ‹ሌላስ?› የምትለኝ ለቅሶ ቤት እንደገባች ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። እኔ ሁለት ሳምንት እንደ ማንኛውም ሰው የሚያዩኝ ቦታ መሆን ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

«እሺ።»

«ማይልኝ።»

«አባዬ፣ ልጅ አይደለሁም።»

«በእናትሽ ማይ።»

ማልሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት እሱ እንዳለው ሆኑ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወርደን ወንበራችንን እንይዛለን። ነፋሱ ከማዶኛዋ ደሴት ከሴንት ባርት በኩል ይመጣል፤ ዘንድሮ አረሙ በዝቶ ስለነበር የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ ሁሉም ሽታውን እየረገመ ቁርሱን ይበላል። አባቴ መስቀለኛ ቃላቱን ይሞላል። ረፋዱ ላይ ከቪም ጋር የብረት ኳስ ይወረውራሉ። ሲወረውር ክንዱ ድሮ የነበረው ጉልበት እንደሌለው አያለሁ። የዳሌው አጥንት ወጥቷል። ከአሥራ አንዱ ሰው መካከል አንዱም ይህን አላየም፤ ማለቴ ሁሉም አይቷል።

ሳል ግን ገላ አይደለም፤ ስለዚህ ይጠየቃል።

«ምን ሆነህ ነው እንደዚህ የምትስለው?» አለው ቪም አንድ ቀን።

«ጉንፋን ነው። ከበረዶ ወጥቼ መምጣቴ እኮ ነው።»

«በረዷችሁን እዚያው ተዉልን! ደግሞ ሳል ሰበብ እንዳይሆንህ፤ ዘጠኝ ለአራት ነው የምመራህ።»

«አንተ ቁጥር የምትቆጥረው ስታሸንፍ ብቻ ነው።»

«ስሸነፍማ ሃኔኬ ትቆጥርልኛለች!»

አባቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ በጀርባው ተንሳፈፈ፤ ጆሮው ውሃ ውስጥ ነበር፣ ዓይኑ ተከድኖ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት መለዮ ለብሶ ሰው ሲያመላልስ የኖረ ሰውዬ ነው። እዚህ ለምን እንደሚመጣ አንድ ጊዜ ስጠይቀው፣ «ሾፌር መሆኔን የሚያውቅ የለም» ነበር ያለኝ። አሁንም እየሞተ መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

አንድ ነገር ብቻ ተቀይሮ ነበር። ድሮ ጃንጥላችንን የሚተክልልን ኤልሮይ የሚባል፣ ለዳርቻው ሆቴል የሚሠራ የደሴቲቱ ተወላጅ ነበር። ዘንድሮ ራሳችን ነው የምንተክለው።

«ኤልሮይ የት ሄዶ ነው?» አልኩት አባቴን።

«እኔ እንጃ። ወደዚያኛው ወገን ሳያዛውሩት አልቀረም» አለኝና ወደ መስቀለኛ ቃላቱ ተመለሰ።

በአምስተኛው ቀን አባቴን አክራ አማረው፤ ጨው ዓሣ ያለበት ትኩስ ጥብስ ነው። ምግብ ሲያምረው ብርቅ ስለሆነ ቀሚሴን አጥልቄ በድንጋዮቹ ላይ ተሻገርኩና ወደ ለባሾቹ ወገን ሄድኩ። ኤልሮይ እዚያ ነበር። የሆቴሉን ነጭ ካኔተራ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ ከውሃው ዳር የባሕር አረም ይጠርጋል።

«ማድሞዜል ኤሎዲ! እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ጠፋህብን እኮ።»

«እኔ መች ጠፋሁ። ያው እዚሁ ነኝ፣ ከአረሙ ጋር።» መጥረጊያውን አሸዋው ላይ ተከለ። «አባትዎ ሙሴ ሬዣን መጥተዋል?»

«መጥቷል።»

«ጀርባቸውስ?»

በአምስት ቀን ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ ያወጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

«ምን ጀርባው?» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «ይተዉት። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደገና ጣጣ ውስጥ አልገባም።»

«የምን ጣጣ? ኤልሮይ፣ ንገረኝ።»

ወደ ሆቴሉ በኩል ገልመጥ አድርጎ አየ። «የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ጃንጥላ ስተክልላቸው በሆዳቸው ተኝተው ነበር። ነጥቡን አየሁት። አጎቴ ውስጥ እግሩ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር ወጥቶበት ነው የሞተው። ‹ሙሴ ሬዣን፣ ጀርባዎ ላይ ያለው ነገር ደህና አይመስለኝም፣ ሐኪም ያሳዩት› አልኳቸው። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ሌላ ሰው አልሰማም።»

«ምን አለህ?»

«አመሰግናለሁ አሉኝ። በማግስቱ አለቃዬ አስጠራኝ። ‹የእንግዶችን ገላ እያየህ ትናገራለህ ተብሎ አቤቱታ ቀርቦብሃል› አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ የሠራሁ ሰው ነኝ። ወደዚህ አዛወሩኝ።»

«አባቴ ነው የከሰሰህ?»

«ወረቀቱን አሳይተውኛል፣ ማድሞዜል። ፊርማቸው አለበት።»

«ስለ እሱ ይቅርታ» አልኩ፤ ስናገረው ራሱ ባዶነቱ ተሰማኝ።

«እርስዎ ምን አደረጉ። ብቻ አባትዎ ሐኪም ዘንድ ሄዱ?»

ፊቴን አየና መልሱን ራሱ አገኘው።

«ሁለት ዓመት» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበራቸው።» ከዚያ መጥረጊያውን ነቅሎ ሥራውን ቀጠለ። እንደተናደደ ወይም እንዳዘነ መለየት አልቻልኩም። ምናልባት ሁለቱንም ሊያሳየኝ አልፈለገም።

አክራውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ሃኔኬ ባሕሩ ውስጥ እስከ ወገቧ ቆማ የእጅ ስፖርቷን ትሠራ ነበር። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበረች። ቀሚሴን ጥዬ ገባሁ።

«ሃኔኬ፣ አባቴ ጀርባ ላይ የነበረውን ነገር አይተሽው ነበር?»

ክንዷ አየር ላይ ቀረ። «ኤሎዲ...»

«አይተሽዋል ወይስ አላየሽውም?»

«ይሄ እዚህ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።»

«ውሃ ውስጥ ነን። የሚሰማን የለም።»

ዞር ብላ ባሏን ፈለገችው፤ ሩቅ ነበር። «አይተነዋል» አለች። «ሁላችንም። መጀመሪያ ዓመት ላይ ምስር ያህል ነበር። በሁለተኛው ሽንብራ ያህል ሆነ...»

«ከዚያስ? ባቄላ?»

«አታሹፊብኝ። ባለፈው ዓመት ቪም ራት ላይ ‹ኧረ ይሄ ነገር አድጓል› አለኝ። እኔም ‹ጠርዙ ደስ አይልም› አልኩት። ከእነ ጎዴሊቭ ጋርም ተነጋግረንበታል። ግድ ሳይሰጠን ቀርቶ አይደለም።»

«ለእሱ ግን አልነገራችሁትም።»

«ሰው የራሱን ነገር ያውቃል ብለን ነው። ደግሞ ያ ሠራተኛ ምን እንደደረሰበት አይተናል። አባትሽ ያን ጊዜ እንዴት እንደተከፋ አንቺ አላየሽም፤ አልነበርሽም። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይክፈት?» ከዚያ ድምጿ ለወጥ አለ። «ተቆረጠ አይደል እንዴ? ጠባሳው ጥሩ ድኗል። ደህና ነው፣ አይደል?»

ምያለሁ። «እሱን ጠይቂው» አልኳት፤ እንደማትጠይቀው እያወቅሁ።

አባቴን በረንዳችን ላይ አገኘሁት። እርሳሱን ይዞ ቃል ይፈልጋል።

«አክራው የታል?»

«ኤልሮይን አገኘሁት።»

«እህ። ደህና ነው?»

«አረም ይጠርጋል።»

«ጥሩ።»

«ነግሮህ ነበር፣ አባዬ።»

እርሳሱ ቆመ። ከቤቱ ጀርባ ዶሮ ጮኸ። አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረው፣ መልሶ አነሳው፣ እንደገና አኖረው።

«ልብስ ለብሶ ነበር» አለ።

«ምን?»

«እሱ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ ከላዬ ቆሟል። እኔ ራቁቴን ተኝቻለሁ። አይገባሽም። ዕቃ ሆኜ የታየሁ መሰለኝ። እንደ እኔው ራቁቱን የሆነ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ...»

«ራቁቱን የሆነ ሰው እኮ አይነግርህም! ሕጋችሁ ነው!»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«በአንድ መርፌና በሦስት ስፌት የሚያልቅ ነገር ነበር። አንተ ግን ቁጭ ብለህ አቤቱታ ጻፍክ።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ...»

«አውቃለሁ አልኩሽ!» ጮኸና ሳሉ መጣበት። እስኪያባራለት ጠበቅሁ። «ከሚያዝያ ጀምሮ ያ ሰውዬ በየቀኑ ጆሮዬ ላይ ያንን ይለኛል። ቀስ ብሎ ነው ያለኝ፣ ታውቂያለሽ? ሰው እንዳይሰማብኝ ቀስ ብሎ። አንቺ አትጨምሪበት።»

«ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው።»

«ምን ብዬ? ልክ ነበርክ፣ ይኸው ልሞት ነው ልበለው? ሲመሽ ሆቴሉ በሙሉ ይሰማል። ሲነጋ እነ ቪም ይሰማሉ። ከዚያ እዚህም አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል፣ ኤሎዲ። ተይልኝ።»

«ፈሪ ነህ» አልኩት።

«ልሁን» አለና መነጽሩን አደረገ።

ሁለት ቀን ያህል ከአስፈላጊው በላይ አልተነጋገርንም። እኔ ግን ከንዴቴ መውጣት አቃተኝ። ሰዎቹ ሲስቁ ጥርሳቸው ያናድደኛል፤ ለአባቴ ወንበሩን ሲያጠጉለት እጃቸው ያናድደኛል። ስለ አንድ ሰው ጀርባ ሦስት ዓመት ሙሉ በየራት ጠረጴዛው ሲወያዩ ኖረው፣ ጠዋት ጠዋት ባለቤቱን «ነፋሱ ቀዘቀዘ» ይሉታል። ይህን ጨዋነት ነው ብለው ያምናሉ።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም የባሕር ወይን በሚባለው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ሮም የሚባለው አረቄ በሎሚና በስኳር ይጠጣል፤ የሳምንቱ የኳስ ውጤት ይነበባል። የቆየ ልማድ አላቸው፤ የተሸነፈው ሰው ለሚቀጥለው ዓመት አንድ ነገር እንዲያመጣ ይፈረድበታል፣ እሱም ቆሞ ቃል ይገባል። ቪም የዳኛ ድምፅ አውጥቶ፣ «ተከሳሽ ሬዣን፣ ይነሱ!» አለ።

አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ተነሳ። ዛፉ ላይ ተደገፈ፤ ለቀልድ የተደገፈ አስመሰለው።

«በሠላሳ ስምንት ለአሥራ ዘጠኝ በሆነ አሳፋሪ ውጤት ተሸንፈዋል። የሚሉት አለ?»

«ኳሶቹ የሆላንድ ናቸው። ለሆላንዳዊ ያደላሉ።»

«ተቀባይነት የለውም! ለሚቀጥለው የካቲት አንድ ጣሳ የአገርዎን የሜፕል ዛፍ ሽሮፕ እንዲያመጡ ተፈርዶብዎታል። እውነተኛውን እንጂ የሱቁን አይደለም። ቃል ይገባሉ?»

«ሁለት ጣሳ አመጣለሁ» አለ አባቴ። «አንዱ ለምስክሮች።»

አጨበጨቡ። ሃኔኬ ብቻ ዓይኗን ወደ አሸዋው ጣለች፤ አየኋት። ከውሃው ውስጥ ጥያቄዬ ወዲህ ታውቃለች፤ እያወቀች ታጨበጭባለች።

«አያመጣም» አልኩ።

ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። ቪም አሁንም የዳኛ ፊቱን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «ምስክር ሳይፈቀድላት...»

«በሚቀጥለው የካቲት አባቴ የለም። ሰኔን አያልፍም። ሳንባው ውስጥ ገብቷል፣ ጉበቱ ውስጥ ገብቷል። ሁላችሁም ከመጀመሪያው አይታችሁታል። ምስር ሲያህል አይታችኋል፣ ሽንብራ ሲያህል አይታችኋል፣ ራታችሁን እየበላችሁ ለክታችሁታል። አንድ ሰው ብቻ ነው የነገረው፤ እሱን አረም ጠራጊ አደረጋችሁት።»

ጎዴሊቭ እጇን ጡቷ በነበረበት ቦታ ላይ አድርጋለች።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ በቀስታ። «እኔን በሕይወት ያቆየኝ ይሄው ዝምታ ነው።»

«አባቴን ገደለው» አልኳት።

ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። አልዋሽም። በመጨረሻ አንድ ሰው እውነቱን ተናገረ ብዬ ኮራሁ። ከዚያ አባቴን አየሁት። ብርጭቆውን አሸዋው ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ ብሎ ነበር፤ ብርጭቆው ተደፋ፣ እሱ ግን ቀና አላለም። እንዳጎነበሰ ቆየ። አሥራ አንዱም ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በግልጽ፣ ጀርባውን አዩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከፊቴ ቀድሞ ይሄድ ነበር። ደረጃው ላይ ስንደርስ ግን፣ «በእናትሽ ነበር የማልሽው» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ደክሞት ነበር።

ጠዋት እንደወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ ወረደ። ተከተልኩት። ወንበሩን አስተካከለ፣ ልብሱን አውልቆ ሰጠኝ፣ ፎጣውን አንጥፎ በጎኑ ተኛ። «እስቲ እናያለን» አለ። ሕጉ ከእኔ አፍ ይበረታል ብሎ ተስፋ ማድረጉ ነበር። እኔም አደረግሁ። ሲመጡ ስለ አረሙ ሽታ አንድ ነገር ይላሉ፣ ቪም ይሳደባል፣ ትናንት እንዳልነበረ ይሆናል አልኩ።

መጀመሪያ ሃኔኬ መጣች። እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ነበር። ቪም ባለ ኮሌታ ሸሚዝና ረጅም ሱሪ አድርጓል፤ ሸሚዙ ላይ የሻንጣ እጥፋት አለበት። ጎዴሊቭ ሽርጧን እስከ አንገቷ ጠቅልላ፣ ባሏ ካልሲ ሳይቀር አድርጎ መጡ። ሌሎቹም ተከተሉ። በኋላ እንደሰማሁት ማታ ተሰብስበው ተመካክረውበታል፤ ሊሞት ባለ ሰው ፊት ራቁትን ሆኖ መዝናናት ነውር ነው ብለው ተስማምተዋል። አሥራ አንዱም ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ለብሰዋል።

አንድ በአንድ እየመጡ ጎንበስ ብለው ጨበጡት። እሱ ብቻ ራቁቱን ነበር።

«አይዞህ፣ ሬዣን» አለው ቪም። አንገቱ ዘንበል ብሏል።

«ደህና ነኝ። ኳሶቹን አላመጣህም?»

«ዛሬ እንኳን... ዛሬ ዕረፍ። ምን ላምጣልህ?»

«ኳስ።»

ቪም ክንዱን ዳበስ አድርጎት ቀና አለ። ሃኔኬ ኬክ አምጥታ በፎይል እንደተጠቀለለ እግሩ አጠገብ አኖረች። ማንም አልተቀመጠም። ስለ ነፋሱ የተናገረ የለም። ሁሉም ዓይን ዓይኑን ያዩታል፣ ሲያዩት ያዝናሉ፣ ሲያዝኑ ያያቸዋል።

ከዚያ ቪም ወደ እኔ መጣ። ከአባቴ ወንበር ሦስት እርምጃ እንሆናለን።

«ኤሎዲ፣ አንቺ ሥነ ሕይወት ነው የተማርሽው፣ አይደል?» አለኝና መልሴን ሳይጠብቅ ዞሮ ሸሚዙን ከኋላ ገለበ። «ይሄን ነገር እዪልኝ እስቲ። ከወገቤ በላይ ያለውን። ሃኔኬ ምንም አይደለም ትላለች፤ ግን እሷ እኮ ባለፈውም...» አልጨረሰውም።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም።»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ዝም ብለሽ እዪው። ያኛውን ይመስላል?»

አየሁት። የዕድሜ ነጠብጣብ ነው። ምንም አይደለም አልኩት። እፎይ ብሎ በረጅሙ ተነፈሰ። ቀና ስል የጎዴሊቭ ባል ከኋላው ቆሟል፤ ካልሲውን አውልቆ በእጁ ይዟል። ከእሱ ኋላ ሁለት ሌሎች ቆመዋል። ተሰልፈው ነበር።

«እኔ ደግሞ እዚህ ጋ፣ ቁርጭምጭሚቴ ላይ» አለኝ። «ሬዣን ላይ ሲጀምር ምን ይመስል ነበር? ያሳክከው ነበር?»

«አላውቅም። አላየሁትም።»

«ሬዣን!» ብሎ በእኔ አናት ላይ ተጣራ። «ይቅርታ፣ ሬዣን፣ ያሳክክህ ነበር?»

አባቴ ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ።

«አያሳክክም» አለ። «ምንም አይልም።»

«ኤሎዲ፣ ሰማሽ? አያሳክክም አለ። ይሄኛው ያሳክከኛል፤ እንግዲያው ጥሩ ነው ማለት ነው፣ አይደል?»

«ኤሎዲ» አለ አባቴ። «ሸሚዜን።»

ሰጠሁት። ተቀምጦ ለበሰው። ጠባሳው ላይ ሲያልፍ ጨርቁ ትንሽ ያዘው፣ ሳበውና ተሸፈነ። ቁልፎቹን ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ቆለፈ፤ ጊዜ ወሰደበት፤ ልረዳው ስል እጄን በቀስታ ገፋው። ከዚያ ሱሪውን ለበሰ። ሰዎቹ ሲለብስ አዩና ትከሻቸው ላላ። ሃኔኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ቪም ኬኩን ይፈታ ጀመር።

«ቲኬቱን ማስቀየር ይቻላል?» አለኝ አባቴ።

«ይቻላል። ለነገ ይገኝ ይሆናል።»

«ለዛሬ ካለ ለዛሬ አድርጊው» አለ።